ሹፌር በሥራ ላይ ለምግብና ለመጠጥ ስንት ያወጣል? ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄው ከሦስት ወገን ይመጣል። ባለንብረቱ «ገቢው ለምን ቀነሰ?» ይላል። ሚስት «ቀኑን ሙሉ ሠርተህ ይቺን ብቻ ነው ይዘህ የመጣኸው?» ትላለች። ሹፌሩ ራሱ ማታ ኪሱን እየዳበሰ «የት ሄደ?» ይላል። የዘመድ ሚኒባስ ሂሳብ ስለምይዝ ሦስቱንም ስሰማ ኖሬአለሁ። መልሶቹ በብዛት የሚኒባስ ሹፌርን ይመለከታሉ። የአውቶቡሱ፣ የከባድ መኪናውና የባጃጁ ሰው የራሱን ጥያቄ ወረድ ብሎ ያገኛል።

ለመሆኑ በቀን ስንት ይወጣል?

«እንደ ሰዉ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ግን ለማንም አይጠቅምም። እስቲ እንደምር። ቁጥሮቹን ለሂሳብ እንዲመች ነው የያዝኳቸው። ዋጋ በየጊዜው ስለሚቀያየር እናንተ የምትበሉበትን ቤት ዋጋ ተኩበት።

ቁርስ 90 ብር እንበል፤ ፉል ወይም እንቁላል ፍርፍር ከሻይ ጋር። ምሳ 170። ቡና በ20 ብር ሒሳብ አራት ስኒ፣ 80። የታሸገ ውሃ ሁለት፣ 60። አንድ ለስላሳ 50። ድምሩ 450 ብር መጣ። በወር 26 ቀን ለሚሠራ ሰው 11,700 ብር ማለት ነው። ይህ እንግዲህ አንድም ሰው ሳይጋብዝ፣ ብቻውን በልቶ ብቻውን ጠጥቶ ነው። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ሹፌር ካለ አሳዩኝ።

አሁን ቁጥሮቹን ደግማችሁ እዩ። ምሳው 170 ነው። ቡናው፣ ውሃውና ለስላሳው ሲደመር 190 ሆነ። በወር 4,940 ብር። ሁሉም ሰው የሚያማርረው የምሳ ዋጋ ላይ ነው። ምሳ ግን በቀን አንዴ ይበላል፣ ይታወቃል፣ ይቆጠራል። መጠጡ ነው ሳይቆጠር የሚወጣው። የራሳችሁን ዋጋ ስትተኩ ልዩነቱ ሊሰፋም ሊጠብም ይችላል። ሲገለበጥ ያየሁት ግን ጥብስና ቁርጥ በሚያዘወትር ሰው ላይ ብቻ ነው።

ታዲያ ገንዘቡ የሚያልቀው በምን ምክንያት ነው?

በመቆም። መኪናው እየሄደ ሹፌር ገንዘብ አያወጣም። እጁ መሪ ላይ ነው፤ ረዳቱ ይሰበስባል እንጂ የሚከፍል የለም። ወጪ የሚጀምረው ተራ ሲያዝ ነው።

መናኸሪያ ገብታችሁ ከፊታችሁ ሰባት ስምንት መኪና ተሰልፏል እንበል። ገበያ ቀዝቅዟል፤ አንዱ እስኪሞላ ሌላው ያንቀላፋል። ጋቢና ውስጥ ተጎልቶ የሚጠብቅ የለም። ጀበና ወዳለበት ይኬዳል። በርጩማ ይሳባል። ሴትየዋ ከሰሉን እያራገበች «አቦሉ ደርሷል» ትላለች። ከጎን ሌላ ሹፌር ይቀመጣል፤ እሱም ቡና ይባላል። ቀጥሎ ተራ አስከባሪው ይመጣል። እሱን ዝም ማለት ነውር ነው፤ ደግሞም አያዋጣም። ከዚያ ረዳቱ ከሩቅ ያፏጫል፤ ተራ ደረሰ። ሹፌሩ ብድግ እያለ ከደረት ኪሱ ያገኘውን ኖት ይሰጣል። መልሱን አይጠብቅም፤ «ስመለስ» ይላል። ሲመለስ ሌላ ተራ፣ ሌላ ቡና አለ፤ መልሱን የሚያስታውስ የለም።

ይህ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይደጋገማል። ስለዚህ የሁለት ሹፌር ወጪ የሚለያየው አንዱ ሆዳም፣ ሌላው ቆጣቢ ስለሆነ አይደለም። አንዱ ብዙ ቆሞ ስለዋለ ነው። የነዳጅ ሰልፍ ያለበትን ቀን አስቡት። ቀኑን ሙሉ ሰልፍ ላይ የዋለ ሰው ገቢው ባዶ ነው። ቁርሱም ምሳውም መክሰሱም ግን ከሌላው ቀን አይቀንስም፤ እንዲያውም ይጨምራል። ሥራ ፈት ሆድ ቶሎ ይርበዋል።

ባለንብረቶች «ምሳህን ቀንስ» ከማለታችሁ በፊት መኪናው በቀን ስንት ሰዓት እንደሚቆም ጠይቁ።

ደሴና ኮምቦልቻ መካከል የሚመላለስ ሹፌር ለመጠጥ ብዙ ያወጣል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ጥፋቱም በከፊል የአየሩ ነው። ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በከፍታ ግን ከ600 ሜትር በላይ ይለያያሉ። ጠዋት ደሴ ላይ የጦሳ ተራራ ጉሙን ለብሶ፣ ሹፌሩ ጃኬቱን ዘግቶ፣ ትኩስ ሻይ በሁለት እጁ ይዞ ይጀምራል። የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ መስኮት ይከፈታል፤ ቀጥሎ ጃኬቱ ይወልቃል። ኮምቦልቻ ሲደርስ ጉሮሮው ደርቋል፤ ቀዝቃዛ ይባላል። እንደገና ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ሲገባ ብርዱ ይቀበለዋል፤ ማኪያቶ ይባላል። በአንድ ቀን ደጋም ወይና ደጋም ውሎ ሁለቱም የሚፈልገውን መጠጥ ገዝቷል።

መፍትሔው ያን ያህል ከባድ አይደለም። ጋቢና ውስጥ አንድ ፔርሙዝ ሻይና አንድ ጀሪካን የቤት ውሃ ይቀመጥ። ፔርሙዝ የያዘ ሰው ለብርዱ ከሚያወጣው ግማሹን ያስቀራል። ሙሉውን አያስቀርም። ጀበናው ጋ የሚኬደው ለቡናው ብቻ አይደለማ፤ ወሬውስ?

የሹፌሩን ምግብ መክፈል ያለበት ማን ነው? ሹፌሩ ወይስ ባለንብረቱ?

እንደ ውሉ ነው። አብዛኛው ውል ደግሞ በቃል ስለሆነ ጭቅጭቁ አያልቅም።

ሹፌሩ ለባለንብረቱ የተቆረጠ የቀን ገቢ የሚያስገባ ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው። ነዳጁን ሞልቶ፣ ገቢውን አስገብቶ፣ የተረፈው የሱ ነው። ምሳውም ከዚያው ይወጣል። በፐርሰንት የሚሠራ ከሆነ ግን አንድ ጥያቄ አስቀድሞ መመለስ አለበት። ምግቡ የሚቀነሰው ከመካፈላችሁ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በፊት ከተቀነሰ ባለንብረቱም ከፍሏል ማለት ነው። በኋላ ከተቀነሰ ሹፌሩ ብቻውን ከፈለ። የቀኑ ጠቅላላ 3,000 ብር ቢሆን፣ ምግብ 450 ቢሆን፣ የሹፌሩ ድርሻም 30 በመቶ ቢሆን እንይ። ምግቡ በፊት ከወጣ 2,550 ይቀራል፤ ሹፌሩ 765 ብር በኪሱ ይዞ ይገባል። በኋላ ከሆነ 900 ደርሶት 450 ያወጣል፤ የሚቀረው 450 ነው። የ315 ብር ልዩነት በአንድ ቀን! ነዳጅና ሌላ ወጪ ሳንነካ ነው ይህ። ሁለቱም ውል ይሠራል፤ መጥፎው ሳይነጋገሩ መጀመር ነው።

የኔ አስተያየት? የተወሰነ የምግብ ብር ከመካፈል በፊት ይውጣ፤ ከዚያ በላይ የበላ ከራሱ ይብላ። ባለንብረቱም «ዛሬ ስንት በላህ?» ብሎ ሆድ ከመቁጠር ይድናል። የሰው ሆድ መቁጠር ደስ አይልም።

በደመወዝ ለድርጅት የሚነዳስ?

ለመስክ ሲወጣ ውሎ አበል ይሰጠዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 53 ውሎ አበልን ከደመወዝ አይቆጥረውም። የትርፍ ሰዓት ክፍያም እንዲሁ ከደመወዝ ትርጉም ውጭ ነው። ስለዚህ ቀጣሪ «ደመወዝህ አነስ ይላል፤ አበሉ ይሸፍንልሃል» ካለ ማሰብ ያስፈልጋል። ከሥራ ሲሰናበቱ የስንብት ክፍያ የሚሰላው በደመወዙ ነው። አበል የበላበት አገር ይቀራል።

የረዳቱ ምሳስ?

ሹፌሩ ይከፍላል። የተጻፈ ሕግ የለውም፤ ግን እንዲያ ነው። ረዳቱ ትንሽ ወንድም ነው፤ አስቀምጦት የሚበላ ሹፌር ስሙ ይጠፋል። ሒሳባችሁን ስትሠሩ ሁልጊዜ የሁለት ሰው ምሳ አስቡ። አንድ ትሪ ለሁለት ማዘዝ ከሁለት ሰሀን ይረክሳል፤ ሁሉም የሚያደርገውም እሱን ነው።

በነገራችን ላይ ሹፌሩ ክርስቲያን፣ ረዳቱ ሙስሊም ወይም በተቃራኒው የሆነበት መኪና ደሴም ኮምቦልቻም ሞልቷል። ሥጋ በየቤታቸው ነው። አብረው ሲበሉ ሽሮ፣ ምስር፣ ፓስታ ወይም እንቁላል ይታዘዛል። የእንዲህ ያለ መኪና የምሳ ወጪ ከሌላው ዝቅ ብሎ አግኝቼዋለሁ። ሁለቱም ለመቆጠብ አስበው አይደለም።

የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌሮች በነጻ ይበላሉ ይባላል። እውነት ነው?

ብዙ ጊዜ አዎ። አውቶቡሱ ምሳ የሚቆምበትን ቤት ተሳፋሪው አይመርጥም፤ ሹፌሩ ነው የሚመርጠው። ወደ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው መንገድ ከሚሴ፣ አጣዬ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ደብረ ሲና አሉ። ሃምሳ ስልሳ የራበው ሰው ይዞ የሚመጣ ሹፌር ለምግብ ቤት ሲሳይ ነው። ስለዚህ ሹፌሩና ረዳቱ ለብቻ ጥግ ይያዝላቸዋል። ሳያዙ ጥብሱ ይመጣል፣ አምቦ ውሃው ይከፈታል፣ ቡናው ይከተላል። ሒሳብ የሚባል የለም።

የለም ማለት ግን ማንም አልከፈለም ማለት አይደለም። ተሳፋሪው ከፍሎታል። በሽሮው ላይ፣ በውሃው ላይ ተጨምሯል። ከአውቶቡስ ወርዳችሁ ዋጋ ስትሰሙ የደነገጣችሁ ሁሉ የሹፌሩን ጥብስ ተካፍላችሁ ከፍላችኋል። ሹፌሮችን በዚህ ብቻ አልወቅስም፤ ሌሊት ተነስተው ነው የሚመጡት። ግን ቤቱ ንጹህ መሆኑን፣ ዋጋው የሚቀመስ መሆኑን ማየት ግዴታቸው ነው ብዬ አምናለሁ። የሚያውቁ ተሳፋሪዎች ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝተው ምሳውን ይዘሉታል።

ለሹፌሩም ቢሆን ነጻው ምሳ ዋጋ አለው። ከሸዋ ሮቢት እስከ ከሚሴ ያለው ቆላ ይሞቃል። ከከባድ ጥብስ በኋላ በዚያ ሙቀት መሪ መያዝ እንቅልፍ ይጠራል። ልምድ ያለው ሹፌር ምሳ ላይ ቀለል አድርጎ ቀምሶ ጥብሱን ለማታ ያስቋጥራል። ወጪው ዜሮ ነው ማለትም አይቻልም። የሌሊቱ ሻይ፣ የማታው እራትና የአልጋው ከኪስ ወይም ከአበል ይወጣል።

የጅቡቲ መስመር ሹፌር ወጪ ለምን እንዲህ ጨመረ?

ከኮምቦልቻ ተነስቶ በባቲ ወደ ሚሌ፣ ከዚያ ሎጊያ፣ ሰመራ፣ ጋላፊ የሚወጣ ሹፌር ሁለት ዓይነት ገንዘብ ያወጣል። እስከ ጋላፊ በብር፣ ከዚያ ወዲያ በጅቡቲ ፍራንክ። ፍራንኩ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዶላር ጋር በ177.7 ታስሯል፤ አይነቃነቅም። የኛ ብር ግን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ዶላር ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ።

በምግብ እናስላው። 1,000 ፍራንክ 5 ዶላር ከ63 ሳንቲም ነው። ዶላር 57 ሳለ ይህ 320 ብር ያህል ነበር። ዶላር 120 ሲገባ 675 ብር ሆነ። ጅቡቲ ላይ ሰሀኑ ያው ነው፣ ሩዙ ያው ነው፣ ዋጋውም በፍራንክ ያው ሊሆን ይችላል። በብር አበል የሚቀበል ሹፌር ግን ከእጥፍ በላይ ከፈለ። አበሉ በዚያው ልክ ካልተስተካከለ ልዩነቱ ከልጆቹ ይወጣል። አበል ስትደራደሩ ይህን ስሌት ወረቀት ላይ ይዛችሁ ግቡ። «ኑሮ ተወደደ» ከማለት ይሻላል።

ሁለተኛው ነገር ያው መቆም ነው። አበል ብዙ ጊዜ ለጉዞው በጥቅል ይሰጣል። ወደቡ ላይ ጭነት ከዘገየ፣ ወይም ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ላይ ማራገፊያ ወረፋ ከተያዘ፣ የአምስት ቀን አበል ስምንት ቀን ይበላበታል። የመቆሚያ ቀን ከውሉ ውስጥ ይግባ።

ለዚህ ነው የከባድ መኪና ሰዎች ማብሰያ የሚይዙት። ተሳቢው ጎን ካለው ሣጥን ውስጥ ድስት፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ዘይት፣ ሽንኩርትና ፓስታ ይወጣል። ሁለት ሦስት ሹፌሮች ያዋጣሉ፤ አንዱ ሽንኩርት ይከትፋል፣ አንዱ እሳቱን ይይዛል። መኪናው በሚጥለው ጥላ ውስጥ ተቀምጦ የሚበላው ፓስታ ከምግብ ቤቱ ይጥማል የሚሉ አሉ። የቦቴ ሹፌር ግን ይህን አይሞክረው። ነዳጅ የጫነ መኪና አጠገብ ምድጃ አይለኮስም፤ ባዶ ቦቴም ቢሆን ጋዙ አለ።

ምሳ ከቤት ቋጥሮ መውጣት ያዋጣል?

ያዋጣል፤ ሦስት ነገር ካሰባችሁ።

አንደኛው ሙቀቱ ነው። ደሴ ለሚውል ሰው ምንም አይሆንም። ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ በቆመ ጋቢና ውስጥ ግን ጠዋት የተቋጠረ ወጥ እስከ ስምንት ሰዓት ሊበላሽ ይችላል። ሥጋ ያለበትና እርጥበት የበዛበት አይቋጠር። ደረቅ ያለ ፍርፍር፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል ከነልጣጩ፣ ቆሎ ይሻላል። ሁሉንም የሚበልጠው በሶ ነው። ዱቄቱ አይበላሽም፤ በውሃና በስኳር ወይም በማር ይበጠበጣል፤ ሳይከብድ ያቆያል። አያቶቻችን በበቅሎ ሲነግዱ የያዙት ስንቅ ለሚኒባስም ይሆናል።

ሁለተኛው «እንብላ» ነው። ምሳ ዕቃ የከፈተ ሰው «እንብላ» ማለቱ አይቀርም፤ አጠገቡ ያለውም አንድ ጉርሻ መቅመሱ አይቀርም። ለአንድ ሰው የተቋጠረ ምሳ ለሦስት ከተካፈለ ባለቤቱ እንደገና ምሳ ይገዛል። ወይ ሰፋ አድርጎ መቋጠር፣ ወይ ከረዳቱ ጋር ቀን በቀን መፈራረቅ ነው። ዛሬ ከሹፌሩ ቤት፣ ነገ ከረዳቱ ቤት።

ሦስተኛው ቀልዱ ነው። «ምን፣ ተማሪ ሆንክ እንዴ?» ይባላል። አንድ ሳምንት ይቀለድና ይረሳል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ «ምን ይዘሃል ዛሬ?» ይጀመራል።

ሌሊት ተነስታ የምትቋጥረው ሴት ድካምም ሒሳብ ውስጥ ይግባ። ሹፌሩ 11 ሰዓት ከቤት ከወጣ እሷ 10 ሰዓት ነው የተነሳችው። ማታ የሚዘጋጅ ነገር ይመረጥ፤ ወይ ራሱ ይቋጥር፤ እጅ አለው።

ጾምና ረመዳን ወጪውን ይቀንሱታል?

የቀኑን ይቀንሱታል። ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ለጿሚው ቁርስ ይቀራል፤ ምሳ ከጥብስ ወደ በያይነት ይወርዳል። ቡናና ሻዩም እስኪያስፈስክ ወይም ሰዓቱ እስኪደርስ ይዘገያል። ከሰዓት በኋላ ግን ለስላሳው ይጨምራል፤ ባዶ ሆድ የቆየ ሰው ጣፋጭ ያምረዋል። ወደ ወልድያ የሚሠሩት ሐይቅ ላይ ዓሣ ስለሚያገኙ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ጋቢና ውስጥ አያልቅም። እኔ አልገባበትም።

በረመዳን የቀኑ ወጪ ባዶ ይሆናል ማለት ይቻላል። ማታ ግን ቤት ውስጥ ይመለሳል፤ ሾርባው፣ ሳምቡሳው፣ ቴምሩ። ለመንገደኛ ጾሙን አፍጥሮ በሌላ ጊዜ መክፈል የተፈቀደ ነው። በየቀኑ መንገድ ሥራው ለሆነ ሰው እንዴት እንደሚታይ ግን የራሱን ኡስታዝ ይጠይቅ። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ማግሪብን ቤት ለመድረስ የሚደረገው ሩጫ ነው። ጋቢና ውስጥ ሦስት ፍሬ ቴምርና ውሃ ካለ ሐረጎ ላይ ማንንም መቅደም አያስፈልግም። ዳር ይዞ ማፍጠር ይቻላል።

ውሃ መግዛት ይቀራል?

ይቀራል። ሃይላንዱን ከቤት ሙሉት። ወደ አፋር የሚወርድ ብቻ መግዣውን አይቆጥብ። ሚሌና ሎጊያ ላይ ውሃ ያነሰው ሹፌር ራሱን ያመዋል፣ ዓይኑ ይደክማል። ለሞተሩ ከሚያዘው ጀሪካን ሌላ ለራሱ መያዝ አለበት።

ጫት ከምግብ ይቆጠራል?

ለብቻው መስመር ይሰጠው። ከምግብ ጋር ከተደባለቀ ምግቡን ያሳብጠዋል። ደግሞ ጫት ብቻውን አይመጣም። ውሃው፣ ለስላሳው፣ ለውዙ፣ ሲጋራው ይከተላል፤ የተከታዮቹ ዋጋ አንዳንዴ ከራሱ ይበልጣል። «ጫት ስለቃምኩ ምሳ ተረፈ» የሚል ሒሳብ ሰምቻለሁ። አልተረፈም። ረሀቡ ዘግይቶ ማታ በእጥፍ ይመጣል፤ እንቅልፉም እንዲሁ። የዘገየው እንቅልፍ መሪ ላይ ሲመጣ የሚያስከፍለው ደግሞ በብር አይቆጠርም። ስለ ቢራና ጠጅ ደግሞ ጥያቄም የለኝ፤ እየነዱ የለም። ኮምቦልቻ ቢራ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ስለሆነ ማታ ቤት የገባ ሰው ይጠጣ፤ የሥራ ወጪ ብሎ ግን አይጻፈው።

ግብዣን እንዴት ልቀንስ? ንፉግ መባል አልፈልግም።

ይህ ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ነው። «የኔ ነው!» «በሞቴ!» «በጭራሽ!» እየተባባሉ ሒሳብ ላይ የሚታገሉ ሰዎችን ደረሰኝ ለይታችሁ ክፈሉ ብትሏቸው ይሳደባሉ። እኔም አልመክርም። የሚሠራው የጋራ መዋጮ ነው። አንድ ተራ ላይ የሚውሉ ሹፌሮች ሰኞ ጠዋት እኩል አዋጥተው ለቡና ሻጯ ያስቀምጣሉ። ሳምንቱን ሙሉ ከዚያ ይጠጣል፤ ካለቀ አለቀ። ጨዋታው አይቀርም፣ የሚቀረው «መልሱን ስመለስ» ነው። ሴትየዋም ትወደዋለች፤ የስኳርና የቡና ብር አስቀድሞ እጇ ገባላታ። ተራ አስከባሪው እንግዳ ሆኖ ይጠጣል፤ እሱን አታስከፍሉት።

በዱቤ መብላት ጥሩ ነው?

ሰው ሁሉ መጥፎ ነው ይላል። እኔ ግማሽ በግማሽ ነኝ። መጥፎነቱ በዱቤ የሚበላ ሰው ዋጋ አይጠይቅም፤ ለሌላውም «በኔ ጻፊው» ይላል። ጥሩነቱ ደግሞ የምግብ ቤቷ ደብተር ነው። ብዙ ሹፌር ያወጣውን የሚጽፍበት ሌላ ቦታ የለውም። ያን ደብተር በወር መጨረሻ ፎቶ አንሱት። ስንት ቡና፣ ስንት ለስላሳ፣ ለማን እንደተባለ ሁሉ አለበት። በቴሌብር የምትከፍሉም ስልካችሁ ላይ ያው ዝርዝር ይቀመጥላችኋል።

ሜኑው 200 እያለ ለምን 253 ከፈልኩ?

አንዳንድ ሆቴል 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራል፤ 220 ይሆናል። በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 33 ብር ይመጣል። ሜኑው ግርጌ ላይ በደቃቁ ይጻፋል። እንግዳ ካልጫናችሁ በስተቀር የሹፌር ምሳ እዚያ አይበላም።

የባጃጅ ሹፌርስ?

እሱ ቤቱ ቅርብ ነው፤ ዕድሉም እሱ ነው። ደሴ ላይ ከሸዋ በር እስከ ሰኞ ገበያ ሲመላለስ የሚውል ልጅ ለምሳ ቤቱ ጎራ ማለት ይችላል። የማይሄደው ምሳ ሰዓት ገበያ ስለሚደራ ነው፤ ልክ ነው። ስለዚህ ሰዉ ሲበላ ይሥራ፣ 8 ሰዓት ላይ መንገዱ ሲቀዘቅዝ ቤቱ ገብቶ ይብላ። የባጃጅን ኪስ የሚያራቁተው ምሳ አይደለም፤ ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ ነው። እጁ ሁልጊዜ ዝርዝር ብር ስላለበት ባገኘው ሱቅ ሁሉ ይዘረጋል።

ባለቤቴ ማታ «በልቻለሁ» ይላል፤ እራቱ ይደፋል። ምን ይሻላል?

ይህን የጠየቁኝ ሴቶች ብዙ ናቸው። ከጓደኞቹ ጋር በልቶ መምጣቱን ክፋት አታድርጉበት፤ የመጨረሻው ተራ መቼ እንደሚሞላ እሱም አያውቅም። አንድ ነገር ግን ይችላል። የመጨረሻውን ጉዞ ሲጀምር፣ ገና ሳይነሳ፣ መናኸሪያ ቆሞ ይደውል። ከኮምቦልቻ ከሆነ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ደሴ ይደርሳል። ወጡ ይሞቅ። ከሚሴ ወይም ባቲ አድራለሁ ካለ ግን እንጀራው ሳይፈተፈት ይቀመጥ፤ ጠዋት ለልጆቹ ፍርፍር ይሆናል።